ከሞልና ከዋልማርት ወዲያ፦ ወላጆችሽን አትላንታ ውስጥ የት ትወስጃቸዋለሽ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ክላርክስተን ነው። አባቴና እናቴ ከአዲስ አበባ መጥተው ወር ሊሞላቸው ነው፤ እስካሁን ያዩት ሞል፣ ዋልማርት፣ ቤተ ክርስቲያንና የዘመድ ቤት ብቻ ነው። አባቴ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። እናቴን ጉልበታቸውን ያማቸዋል። የ12 ዓመት ሴትና የ7 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። አራት ቀን ፈቃድ ወስጃለሁ፤ ታሪካዊ ቦታውን፣ ሙዚየሙንና ፓርኩን በምን ቅደም ተከተል ላሳያቸው? ስቶን ማውንቴን መውሰድስ ነውር ነው? ተራራው ላይ የተቀረጹት ሰዎች ለባርነት የተዋጉ ናቸው ሲባል ሰምቻለሁ።

ምላሽ፦ እህቴ፣ አራት ቀን ካለሽ እቅድ የምታወጪው ለሦስቱ ብቻ ይሁን፤ በቀን ደግሞ ከሁለት ቦታ አይብለጥ። አስጎብኚ ሆኜ ስሠራ እንዳየሁት ከአገር ቤት የመጡ ወላጆችን ከእግር መንገዱ ይልቅ የሚያደክማቸው መኪና ውስጥ መግባትና መውጣቱ ነው። ጠዋት ከከተማው አንድ ጫፍ፣ ከሰዓት ከሌላው ጫፍ ካልሽ መሃል ላይ አውራ ጎዳና 285 ይጠብቅሻል፤ የሱን ጠባይ ለክላርክስተን ሰው አልነግርም። ስለዚህ ቦታዎቹን በሰፈር በሰፈር አሰባስቢያቸው።

አባትሽ ገና ከመኪና ሳይወርዱ የሚጠይቁሽን ጥያቄም አስቀድሜ ልንገርሽ፦ «አሮጌው ከተማ የታለ?» ሳቫና ወይም ቻርለስተን ቢሆን መልሱ ቀላል ነበር፤ እዚያ የድሮው ሰፈር እንዳለ ቆሟል። አትላንታ ግን በ1837 የባቡር ሐዲድ ማለቂያ ላይ የተቆረቆረች፣ ከዚያ ወዲህ ራሷን ደጋግማ ያፈረሰች ከተማ ናት። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፍልሽ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) በ1864፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት፣ የሰሜኑ ጄኔራል ሸርማን ጦር አቃጥሏት ሄደ። በ1917 በአንድ ቀን የተነሳ እሳት ከመሃል ከተማው በስተምሥራቅ ያለውን ሰፈር በላው። የቀረውን ደግሞ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመጣው አውራ ጎዳና ሰንጥቆት አለፈ። ስለዚህ እዚህ ብዙ ጊዜ የምታሳዪው ሕንጻ ሳይሆን ሕንጻው የነበረበትን ቦታ ነው፤ አጠገባቸው ሆኖ የሚተርክ ሰው ከሌለ ወላጆችሽ ሣርና አስፋልት አይተው ይመለሳሉ። የትርጉሙን ሥራ ለሴት ልጅሽ ስጫት። በየቦታው ያለውን ጽሑፍ አንብባ ለአያቷ በሦስት ዓረፍተ ነገር ታስረዳ። አማርኛዋ ቢንገዳገድም አባትሽ መምህር ናቸው፤ እያረሙ ይቀጥላሉ፤ ለሁለቱም ከሙዚየሙ የማይተናነስ ነገር ነው።

የመጀመሪያውን ቀን ለኦበርን ጎዳና ስጪው። ብዙ ሰው ይህንን ለመጨረሻ ቀን ያቆየውና ሲደክመው ይደርስበታል፤ እኔ ግን ሌላው ሁሉ የሚገባቸው ከዚህ ከተነሱ ነው ባይ ነኝ። የማርቲን ሉተር ኪንግ ብሔራዊ የታሪክ ፓርክ መግቢያው ነጻ ነው፤ የጎብኚዎች ማዕከሉ የመኪና ማቆሚያም በጆን ዌስሊ ዶብስ ጎዳና በኩል ሲሆን አይከፈልበትም። ባቡር ከፈለጋችሁ ከኢንዲያን ክሪክ ወይም ከኬንሲንግተን በሰማያዊው መስመር ተሳፍሮ ኪንግ ሜሞሪያል መውረድ ነው፤ መቀየር የለበትም። ከጣቢያው እስከ ፓርኩ ያለው የእግር መንገድ ግን ለእናትሽ ጉልበት ይበዛል፤ ልጆቹ ባቡሩን ካማራቸው ከአያታቸው ጋር ይምጡ፣ አንቺና እናትሽ በመኪና ድረሱ።

ኪንግ የተወለዱት በዚሁ ጎዳና በቤት ቁጥር 501፣ ጃንዋሪ 15 ቀን 1929 ነው። ቤቱ በ2023 መጨረሻ ለትልቅ እድሳት ተዘግቷል፤ መከፈት አለመከፈቱን በዋዜማው ከፓርኩ ድረ ገጽ እዪ። ተዘግቶ ብታገኙትም ቅር አይበላችሁ፤ ከውጭ ይታያል፤ ለእኔ ከቤቱ ይልቅ የሚበልጠው አሮጌው የኤበኔዘር ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ነው። ምእመናኑ ዛሬ የሚያመልኩት ከመንገዱ ማዶ ባለው አዲሱ ሕንጻ ነው፤ አሮጌው እንደ ጥንቱ ተጠብቆ ለጎብኚ ይከፈታል። ውስጥ ገብታችሁ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። የኪንግ የራሳቸው ድምፅ ከተቀዳ ስብከት ይሰማል። እንግሊዝኛ ባይገባቸውም ወላጆችሽ ስብከት ምን እንደሆነ ያውቃሉ፤ ድምፁ ዝቅ ሲል፣ ከፍ ሲል፣ ሕዝቡ ሲቀበል ይከተሉታል። እዚያ አትቸኩሉ።

እዚሁ አግዳሚ ላይ ለእናትሽ የምትነግሪያቸው አንድ ታሪክ አለ። በዚህች ቤተ ክርስቲያን አያትየው፣ አባትየው፣ ልጁም አገልግለዋል። ልጁ በ1968 ሜምፊስ ውስጥ ተገደሉ። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ጁን 30 ቀን 1974፣ እናታቸው አልበርታ ኪንግ እሑድ ጠዋት እዚሁ ኦርጋን እየተጫወቱ ሳሉ አንድ ወጣት ተኩሶ ገደላቸው። ይህን የሚያውቅ ጎብኚ ጥቂት ነው። እኔ ይዣቸው የሄድኩ እናቶች ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁኝ ግን ስለሳቸው ነው፦ እናቱስ እንዴት ሆነች?

መቃብሩ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ፣ ውኃ መሃል ነው። ኪንግ መጀመሪያ የተቀበሩት ሳውዝ ቪው በሚባል የጥቁሮች መካነ መቃብር ነበር፤ አስከሬናቸው ወደ ኦበርን የመጣው በ1970 ነው። ባለቤታቸው ኮሬታ ስኮት ኪንግ በ2006 አርፈው አሁን ጎን ለጎን ናቸው። የቀብሩ ዕለት አስከሬኑ የተጓዘው በቅሎ በሚጎትተው የገበሬ ጋሪ ላይ ነበር፤ የድሃው ወገን ነበሩ ለማለት ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ከአዲስ አበባ ለመጣ የታሪክ መምህር ይህ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ከዚያ ጎዳናውን ወደ ምዕራብ በመኪና ተከተሉት። በድልድዩ ስር ስታልፉ አቁሚና ከላይ የሚያገሳው አውራ ጎዳና በማን ሰፈር ላይ እንደተሠራ ንገሪያቸው። በነጮቹ ባንክና ሱቅ በእኩል ዓይን የማይታዩ ጥቁሮች የራሳቸውን ባንክ፣ ጋዜጣና የኢንሹራንስ ኩባንያ ያቋቋሙት በዚህ ጎዳና ነው። በባርነት ተወልዶ በፀጉር አስተካካይነት ሀብት ያፈራው አሎንዞ ሄርንደን በ1905 የመሠረተው አትላንታ ላይፍ የታወቀው ነው። ለምሳ ኤጅውድ ጎዳና ላይ ያለው የስዊት ኦበርን ገበያ ቅርብ ነው። አሁን ያለው ሕንጻ በ1924 የተከፈተ ነው፤ ያን ጊዜ ጥቁር ነጋዴና ሸማች ውስጥ መግባት ስለተከለከለ የሚገበያየው ውጭ፣ ከመንገዱ ጠርዝ ላይ ነበር። ረቡዕና ዓርብ ከሆነ ወይም ጾም ከገባ ግን ምሳ ቋጥራችሁ ሂዱ፤ የጾም ነው የተባለው ሁሉ የእናትሽን ምርመራ አያልፍም።

ከሰዓት አቅም ከተረፈ ኦክላንድ መካነ መቃብር አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ግን አስቀድመሽ አስረጂያቸው። በእኛ ዘንድ መቃብር ለሽርሽር አይኬድበትም፤ ሳይነገራቸው የወሰድሻቸው እንደሆነ እናትሽ አማትበው ከመኪናው አይወርዱም። በ1850 የተቋቋመ፣ 48 ኤከር የሚሸፍን ቦታ ነው፤ መናፈሻ ባልነበረበት ዘመን የከተማው ሰው እሑድ እሑድ ምሳውን ይዞ የሚመጣው እዚህ ነበር። የከተማዋን የመደብና የዘር አቀማመጥ በአንድ ግቢ ውስጥ ማየት ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። የባለጠጎቹ እብነ በረድ፣ ወደ 7,000 የሚጠጉ የደቡቡ ተገንጣይ ጦር ወታደሮች፣ የጥቁሮቹ ክፍል፣ ምልክት የሌለው የድሆች መስክ፣ ሁሉም ለየብቻቸው ተከልለዋል። በ1877 ነጮች ቦታው ሲጠብባቸው በባርነት የሞቱትን መቃብር ቆፍረው ወደ ሌላ ጥግ አዛውረውታል። የከተማዋ የመጀመሪያው ጥቁር ከንቲባ ሜናርድ ጃክሰን ያረፉትም እዚሁ ነው። ወላጆችሽ የገቡበት አየር ማረፊያ ስም ሁለተኛው ግማሽ የሳቸው ነው፤ መኪና ያቆማችሁበት ጎዳና የተሰየመለት ጆን ዌስሊ ዶብስ ደግሞ የእናታቸው አባት ናቸው። መንገዱ አሮጌ ጡብ ስለሆነ ለጉልበት አይመችም፤ እናትሽ በሩ አካባቢ ጥላ ስር ይቀመጡ።

ሁለተኛው ቀን የአትላንታ ሂስትሪ ሴንተር የተባለው ሙዚየም ነው፤ በክሄድ በሚባለው ሰፈር። ይሄ ይከፈልበታል፤ የአረጋውያን ቅናሽ ጠይቂ። ለእናትሽ ጉልበት ከሁሉም የተመቸው እሱ ነው፤ ሊፍት አለ፣ መቀመጫ አለ። አባትሽን የምታቆሚያቸው ሳይክሎራማው ፊት ነው። ሳይክሎራማ ማለት ሰውን ዙሪያውን የሚከብ ሥዕል ነው፤ ይሄኛው 15 ሜትር ገደማ ከፍታና 113 ሜትር ገደማ ዙሪያ አለው፤ ጁላይ 22 ቀን 1864 የተደረገውን የአትላንታ ውጊያ ያሳያል። አባትሽ የዓድዋን ሥዕል አሥሬ ያዩ ሰው ስለሆኑ ጦርነት ሲሣል ማን መሃል ላይ እንደሚቀመጥ፣ ማን ጥግ እንደሚገባ ያውቁበታል።

የሥዕሉ ታሪክ ከውጊያው አይተናነስም። ከጀርመን የመጡ ሠዓሊዎች በ1886 ሚልዋኪ ውስጥ ለሰሜን ተመልካች የሠሩት ስለሆነ አሸናፊው ሰሜኑ ነበር። በ1892 አትላንታ ሲገባ ገዢው ማስታወቂያውን ገልብጦ የደቡቡ ድል ነው ብሎ አሳየው፤ ሲማረኩ የተሣሉ የደቡብ ወታደሮችን ልብስ ቀለሙን አስለውጦ የሚሸሹ ሰሜነኞች አደረጋቸው። ያው ሸራ፣ ያው ውጊያ፤ ቲኬት የሚገዛው ሰው ሲለወጥ አሸናፊውም ተለወጠ። ሙዚየሙ ሥዕሉን በ2017 ከግራንት ፓርክ አምጥቶ አድሶ በ2019 ሲከፍት ይህን ማጭበርበር ሳይሸሽግ የኤግዚቢሽኑ ዋና ታሪክ አድርጎታል፤ የማከብረውም ለዚህ ነው። ባርነት ምክንያት በሆነው ጦርነት ሥዕል ውስጥ ጥቁር ሰው ስንት እንዳለ ልጆቹ ይፈልጉ። አንድ ነው። ከፊት ለፊት ከተደረደሩት የጂብስ ወታደሮች መሃል የክላርክ ጌብል መልክ ያለው ሬሳም አለ፤ ተዋናዩ በ1939 ሥዕሉን አይቶ የጎደለው እኔ ብቻ ነኝ ብሎ ለከንቲባ ዊልያም ሃርትስፊልድ ቀልዶ ነበር ይባላል። የአየር ማረፊያው ስም የመጀመሪያው ግማሽ እኚህ ከንቲባ ናቸው።

ግቢው ውስጥ ስዋን ሃውስ የሚባል የ1928 የባለጠጋ ቤት አለ፤ ፎቶ ላይ የሚያምረው እሱ ነው፤ ደረጃ ስላለው እናትሽን አታድክሚያቸው። ይልቅ ወደ ስሚዝ ቤተሰብ እርሻ ውሰጃቸው። ከጦርነቱ በፊት የነበረ የገጠር ቤት፣ ለብቻው የተሠራ ወጥ ቤት፣ የጓሮ አትክልትና የቤት እንስሳት አሉ። አባትሽ ሥዕሉ ፊት በቆሙበት ሰዓት መጠን እናትሽ እዚህ መቆማቸው አይቀርም። እዚያ ቤት በባርነት ይሠሩ የነበሩ ሰዎች እንደነበሩም አስጎብኚዎቹ ይናገራሉ፤ ካልተናገሩ ጠይቂ።

አመሻሹን ወደ ፒድሞንት ፓርክ። ነጻ ነው፣ ሜዳው ሰፊ ነው፣ ልጁ ይሮጣል። በ1895 ትልቁ የጥጥ አምራች ግዛቶች ኤግዚቢሽን የተደረገውና ቡከር ቲ ዋሽንግተን ጥቁሮች ከፖለቲካ መብት በፊት ሥራና ሙያ ያስቀድሙ ያሉበትን ንግግር ያደረጉት እዚህ ነው። ለአባትሽ ይህን ከነገርሽ በቂ ነው፤ ክርክሩን ራሳቸው ይቀጥሉታል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የጂሚ ካርተር ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም። ወጣቶች አሰልቺ ነው ይላሉ፤ በደርግ ዘመን የኖረ ኢትዮጵያዊ ግን እንደ ሌላው ጎብኚ አይገባበትም። ካርተር ከ1977 እስከ 1981 ፕሬዝዳንት ነበሩ፤ የኦጋዴን ጦርነት፣ አዲስ አበባ ከዋሽንግተን ተለይታ ወደ ሞስኮ የዞረችው በሳቸው ጊዜ ነው። ከሙዚየሙ ጎን ባለው ካርተር ማዕከል ደግሞ በሴፕቴምበር 1989 የኢትዮጵያ መንግሥትና ሻዕቢያ ፊት ለፊት ተቀምጠው ተደራድረዋል፤ ድርድሩ በኅዳር ናይሮቢ ቀጠለ፣ ፍሬ ግን አላፈራም። አባትሽ ያን ጊዜ በሬዲዮ የሰሙት «አትላንታ» ይህ ግቢ መሆኑን ንገሪያቸው። ማዕከሉ ራሱ ለጎብኚ ክፍት አይደለም፤ የሚገባው ሙዚየሙ ነው። እናትሽ ደግሞ ስለ ጊኒ ዎርም፣ በተበከለ ውኃ ስለሚመጣው የትል በሽታ፣ ይስሙ፦ ማዕከሉ ዘመቻውን ሲጀምር በ1986 በዓመት 3.5 ሚሊዮን ሰው ገደማ ይያዝ ነበር፤ በ2024 በዓለም ላይ የተመዘገበው 15 ሰው ብቻ ነው። ጋምቤላ የዚህ ታሪክ አካል ናት። የኋላው የአትክልት ቦታ ጥላም ኩሬም አለው።

ከሰዓት መሃል ከተማ፣ ሴንቴኒያል ኦሊምፒክ ፓርክ። ለ1996ቱ ኦሊምፒክ የተሠራ ነው፤ በበጋ ልጆች በቀለበቶቹ ፏፏቴ ይረጠባሉ፤ ቅያሪ ልብስ ያዢ። ጁላይ 27 ሌሊት እዚህ ፓርክ ውስጥ ቦምብ ፈነዳ። በማግሥቱ ጠዋት የበቆጂዋ ፋጡማ ሮባ በአትላንታ ጎዳናዎች ማራቶኑን አሸንፋ በኦሊምፒክ ማራቶን ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ሆነች፤ 2፡26፡05። በቀጣዩ ማታ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ፖል ቴርጋትን ቀድሞ የ10,000 ሜትሩን ወርቅ ወሰደ፤ የመሮጫው ጥንካሬ እግሩን ስላቆሰለው 5,000ውን ተወው። ያ ስታዲየም ከፓርኩ አጠገብ አይደለም፣ ወደ ደቡብ መውረድ ያስፈልጋል፤ መጀመሪያ ለቤዝቦል ተለወጠ፣ አሁን የጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው። መሐመድ አሊ የለኮሱት የችቦው ማማ ግን አሁንም ከአጠገቡ ቆሟል፤ አባትሽ ፎቶ ይፈልጋሉ።

ከፓርኩ ዙሪያ አክዋሪየሙ፣ የኮካ ኮላው ቤትና የሲቪልና ሰብአዊ መብቶች ማዕከል አሉ። አክዋሪየሙ ውድ ነው፤ ለልጁ ካልሆነ በቀር ለዚህ ጉዞ አያስፈልግም። የኮካ ኮላው ማስታወቂያ ነው፤ እለፉት። የመብቶች ማዕከሉ መልካም ነው፤ በተለይ የምሳ ጠረጴዛው ሙከራ፦ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ፣ ማዳመጫ አድርገሽ፣ እጅሽን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተሽ በ1960 ለነጮች ብቻ በተፈቀደ የምሳ ጠረጴዛ የተቀመጡት ጥቁር ተማሪዎች የሰሙትን ስድብና ዛቻ ትሰሚያለሽ። ለትንሹ አይሆንም። ለወላጆችሽም አስቢበት፤ በቀይ ሽብር ያለፈ ሰው ከጆሮው ስር የሚመጣ ዛቻ ሌላ ነገር ሊያስታውሰው ይችላል። አስቀድመሽ ንገሪያቸው፣ ይምረጡ።

አሁን ስቶን ማውንቴን። ነውር አይደለም፤ ሳይነገራቸው መውሰድ ግን ደግ አይደለም። የተቀረጹት ጄፈርሰን ዴቪስ፣ ሮበርት ሊና ስቶንዎል ጃክሰን፣ የተገንጣዩ ደቡብ መሪዎች ናቸው። ጦርነቱ ያለቀው በ1865 ሲሆን ቅርጹ ያለቀው በ1972 ነው፤ መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ። በ1915 የነጭ የበላይነት አራማጁ ኩ ክሉክስ ክላን እንደገና የተመሠረተውም እዚሁ ተራራ አናት ላይ ነው። ኪንግ በ1963 የዋሽንግተኑ ንግግራቸው ነጻነት ከዚህ ተራራ ያስተጋባ ያሉት ይህን ቆጥረው ነው። ዛሬ ዛሬ ቅዳሜ ጠዋት ብትሄጂ ከሚወጣው ሰው ብዙው ጥቁርና ስደተኛ ነው፤ አማርኛም ትሰሚያለሽ። ኦበርንን ካዩ በኋላ የሄዱ እንደሆነ አባትሽ ቅርጹን ራሳቸው ያነቡታል፤ ቅደም ተከተሉን እንዲህ ያደረግሁትም ለዚህ ነው።

የእግር መንገዱ በምዕራብ በኩል ስለሆነ ቅርጹ አይታይበትም፤ ቅርጹ ሰሜን ፊቱ ላይ ነው። ርዝመቱ አንድ ማይል ነው፤ የመጨረሻው ክፍል ቀጥ ይላል፣ መያዣ ብረት አለው። አናቱ ከባሕር ወለል 514 ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ ለመጣ ሰው ትንፋሽ አያሳጣም። የሚያሸንፋቸው ሙቀቱና ወበቁ ነው፤ ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ከሆነ ጠዋት ከሁለት ሰዓት በፊት ጀምሩ፣ ውኃ ያዙ። እናትሽ በኬብል መኪናው ይውጡ፤ በሚሠራበት ሰዓት መሆኑን ቀድመሽ እዪ። ለመኪናው መግቢያ ይከፈላል።

አራተኛውን ቀን ባዶ ተዪው፤ ስቶን ማውንቴንን ከመረጣችሁ የሚገባው እዚህ ነው። በበጋ አትላንታ ከሰዓት በኋላ መብረቅና ዶፍ ልማዷ ነው፤ አንዱ ቀን ከተበላሸ መካሻው ይሄ ይሆናል። ጠዋት ሰማዩ ከከበደ ኦበርንን ወደ ሁለተኛው ቀን አዛውሪና ሂስትሪ ሴንተርን አስቀድሚ፤ ሥዕሉ ዝናብ አይነካውም። የእናትሽን ተሽከርካሪ ወንበር ጉዳይ ግን ዛሬውኑ ለየሙዚየሙ ደውለሽ ጠይቂ፤ አንዳንዱ ጋ ያለው ጥቂት ነው፣ ቀድሞ ለመጣ ነው የሚሰጠው።